ቤቱ ለማን ተሠራ?

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ደምበጫ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው ያያል። ጣራቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው ብሎኬት፣ መስኮታቸው ሰፊ መስተዋት ነው፤ ከፊታቸውም አራት ወይም አምስት ወይም ስድስት ደረጃ ተደርድሮ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ዓምድ ቆሞበታል። መንገደኛውም «መቼም አገሩ አደገ» ይላል። እኔም እንዲህ ከሚሉት አንዱ ነበርሁ፤ እንዲያውም ከሚያሰኙት አንዱ ነኝ፤ ከነዚያ ቤቶች አንደኛው የእኔ ነውና። ዛሬ ግን በነዚያ ቤቶች ፊት ባለፍሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይህ ቤት ለማን ተሠራ?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል፤ ቤት ለሚኖርበት ሰው ይሠራል ይባላልና። እኔ ግን እንደዚያ አይደለም እላለሁ። እኛ የደጋው ጎጃም ሰዎች፣ ትንሽ ገንዘብ በእጃችን የገባ እንደሆነ፣ ቤት የምንሠራው በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳና በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ዓይን ነው። በውስጡ ውሎ የሚያድረውን፣ ይልቁንም ደካማውን፣ ሕፃኑን፣ አራሷን፣ ዓይኑ የፈዘዘውን፣ ጉልበቱ የከዳውን ሽማግሌ አስበን የምንሠራ ጥቂቶች ነን፤ እኔም ከጥቂቶቹ መካከል አልነበርሁም። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ክፉ ቃል ብታገኝ አስቀድሞ በራሴ ላይ የተነገረ መሆኑን ዕወቅልኝ።

በ2004 ዓ.ም. የብዙ ዘመን ቁጠባዬንና ከባለቤቴ ወገን የተገኘውን ጥቂት ገንዘብ አንድ ላይ አድርጌ መሠረት አስቆፈርሁ። ጎረቤቴ አራት ደረጃ አሠርቶ ነበርና ግንበኛውን «የእኔን አምስት አድርግልኝ» አልሁት። ግንበኛው አስተዋይ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ይበቃዎታል፤ ጎርፍ እንደሆነ እዚህ አይደርስም» አለኝ። እኔም «ቤት ከሩቅ ካልታየ ምኑን ቤት ሆነ?» ብዬ መለስሁለት። ይህን ቃሌን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወለሉን እንደ መስተዋት በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አስነጠፍሁ። ሽንት ቤቱን፣ ሽታው እንዳይመጣብን ብዬ፣ ከቤቱ ኋላ ሠላሳ እርምጃ አርቄ ከአጥሩ ጥግ አስቆፈርሁ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በክረምት ጭቃ ነው፤ «ኋላ ድንጋይ እናነጥፍበታለን» አልን፤ ኋላ የተባለው ቀን ግን አልመጣም። ከመኝታ ቤቶቹም ወደ ውጭ የሚያወጣ በር አላደረግሁም። ማንም ሰው ሲወጣና ሲገባ የግድ በሳሎን መካከል ማለፍ አለበት፤ ሳሎኑ የቤቱ ክብር ነዋ!

እናቴ በጮቄ ተራራ ግርጌ በሣር ጎጆ ትኖር ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ዕድሜዋም ሰባውን ሲያልፍ፣ «ብቻዋን አትኑር» ብለን በ2007 ዓ.ም. ወደ እኛ አመጣናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። በጎጆዋ ሳለች ዓይኗ ፈዞ ነበር፤ ሆኖም ማንንም ሳትይዝ ትንቀሳቀስ ነበር። ደፉ ዝቅ ያለ ነው። ከበሩ ስትገባ በስተቀኝ ያለውን መደብ በእጇ እየዳሰሰች እስከ ምሰሶው ትደርሳለች፤ ከምሰሶው እስከ ምድጃው ሦስት እርምጃ ነው። መደቡም ከጉልበት አያልፍም፤ ሰው አረፍ ብሎበት ሳይቸገር ይነሣል። ዛሬ በውጭ አገር ያሉ የቤት ሥራ ሊቃውንት ለሽማግሌ የሚስማማው መቀመጫ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ያንን ያያቶቻችን ጭቃ ለሳቢ አስቀድሞ በክንዱ ለክቶ ያውቀው ነበር።

በእኔ ቤት ውስጥ ግን የምትዳስሰው ነገር አልነበረም። ግድግዳው ልሙጥ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት። በመጣች በሁለተኛው ወር፣ በነሐሴ፣ እግሯ ከውጭ ርሶ ገብታ ሴራሚኩ ላይ ወደቀች፤ የጭኗም አጥንት ከዳሌዋ አጠገብ ተሰበረ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ። በምርኩዝ መቆም ቻለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አምስቱ ደረጃ ተራራ ሆነባት። ከጮቄ በእግሯ ስትወርድና ስትወጣ የኖረች ሴት የልጇን ደረጃ መውረድ አቃታት።

ሚያዝያ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. የቅዱስ ማርቆስ ንግሥ ነበርና ቤታችን በእንግዳ ተሞላ። እንግዶቹ ቤቱን ያመሰግናሉ፤ እኔም ስለ ሴራሚኩ ዋጋ፣ ስለ መስኮቱም አሠሪ እነግራቸዋለሁ። በዚህ መካከል ልጄ መጥታ በጆሮዬ «አባዬ፣ እማማ ከትናንት ጀምራ ውኃ አልጠጣም ብላለች» አለችኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ለምን ውኃ አልጠጣሽም?» አልኋት።

«ልጄ፣ በዚህ ሁሉ እንግዳ መሐል ተሸክማችሁ ልታወጡኝ ነው? ካልጠጣሁ አልወጣም» አለችኝ።

በኋላ ስንመረምር ነገሩ የዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። ክረምቱንም በጋውንም በቀን አንድ ኩባያ ውኃ እየጠጣች፣ የሚያስጠማውን ምግብ እየተወች ከርማለች። ራሷን ያዞራት የነበረው፣ እኛም «እርጅና ነው» ብለን ያለፍነው፣ ሆዷንም ያደርቃት የነበረው ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ቤቴ እናቴን ውኃ አስጠማት። ጠላት ቢከበኝ ይህን ባደረገብኝ ነበር፤ እኔ ግን በገንዘቤ ገዝቼ አመጣሁት።

ነገሩ በእኔ ቤት ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ኀፍረቴን ይዤ ዝም ባልሁ። ነገር ግን በእድራችን አንድ ቀን ከሰዎች ጋር ስንጨዋወት አፌ አምልጦኝ ብናገረው፣ ያልጠበቅሁት ዝምታ ሆነ። ከዚያም አንዱ ስለ አባቱ፣ አንዷ ስለ አማቷ፣ አንዱም ስለ ራሱ ይናገር ጀመር። አንባቢዬ ሆይ፣ አሮጊት እናት በቤትህ ካለችህ ዛሬ ማታ ምን ያህል ውኃ እንደ ጠጣች ጠይቃት። «ጠጥቻለሁ» ብትልህ አትመን፤ ኩባያውን እይ።

ይህንን በተናገርሁ ጊዜ ከሚነሣብኝ መልስ ሁሉ ጠንካራው እንዲህ የሚለው ነው። «እናትን መሸከም ክብር ነው፤ ምርቃትም ያስገኛል። የፈረንጅ አገር ሰው እናቱን የሚሸከምለት ልጅ ስለሌለው ነው ቤቱን የሚያስተካክል። እኛ ግን ልጆች አሉን፤ ትከሻ አለን።» ይህ ቃል መልካም ይመስላል። እኔም ሰባት ወር ያህል በዚሁ ቃል ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። ነገር ግን እስቲ የሚሸከመውን ሳይሆን የምትሸከመዋን ጠይቋት! እናቴ በዘመኗ ሁሉ ዘጠኝ ሰው ያበላች፣ እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ከወንዝ የወጣች፣ ማንንም «ደግፈኝ» ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ጽድቁ ለተሸካሚው ከሆነ ኀፍረቱ ለማን ነው? አስቀድመን በደረጃ እግሯን ነሥተን፣ ኋላ ትከሻችንን ብናበድራት፣ ይህ ውለታ ይባላልን? ሰው የማይችለውን ነገር ማገዝ ምግባር ነው፤ የሚችለውን እንዳይችል አድርጎ ማገዝ ግን ሌላ ስም አለው። ደግሞስ ልጁ ሥራ ሲውል፣ የልጅ ልጇም ትምህርት ቤት ስትውል፣ ያ የተባለው ትከሻ ከጧት እስከ ማታ የት ነው ያለው?

ሁለተኛው መልስ «በቤታችን አካል ጉዳተኛ የለም» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የምጠራው ምስክር ትልቅ ሰው ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። ከዚያ በኋላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ታከመ፤ በዚያም ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1966 ዓ.ም.ም አረፈ። እንግዲህ የአበበ እግር ካልታመነ የማን እግር ሊታመን ነው? ያገራችን ሰው «ነግ በኔ» ይላል፤ ቤት ሲሠራ ግን ይረሳዋል። አደጋውም ይቅር። ሁላችንም እየዳኽን እንጀምራለን፤ ሴቶቻችን ነፍሰ ጡር ይሆናሉ፤ ወባ ወይም ታይፎይድ ያንቀጠቀጠው ጎልማሳ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል፤ ዕድሜ ከሰጠን ደግሞ ሁላችንም ምርኩዝ እንይዛለን። «በቤታችን የለም» ማለት «ገና አልደረሰብንም» ማለት ነው።

ሮናልድ ሜስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነበር። በልጅነቱ በፖሊዮ ተመትቶ በባለ ጎማ ወንበር የኖረ ሰው ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፣ ለጤነኛው አንድ ቤት ለጉዳተኛው ሌላ ቤት መሥራት ስሕተት ነው፤ በተቻለ መጠን ለሁሉም የሚሆን አንድ ቤት ይሠራ የሚል ነው። ይህ ነገር ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም። ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ጤፍ የተሸከመ ሰው፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ፣ ሦስቱም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት በር ነው።

አሁን ደግሞ የጥንቱን ጎጆ ብቻ እያመሰገንሁ አዲሱን የምራገም ሰው የሚያስመስለኝ አይጠፋም። አይደለሁም። ጎጆውም የራሱ ኃጢአት አለበት፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ጢሱን ተመልከት። እናቴ ኀምሳ ዓመት በሦስት ጉልቻ ላይ ኩበትና ባሕር ዛፍ አንድዳ ጋግራለች። ዓይኗን ያፈዘዘው ዕድሜ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ሐኪሞችም የማገዶ ጢስ የሕፃናትን ሳንባ በምች፣ የእናቶችንም በማያባራ ሳል እንደሚጎዳ ካስረዱ ቆይተዋል። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገሬ ሰው። ስለ ወጡ እውነት ይሆናል፤ ስለ ሳንባ ግን ሐሰት ነው እያልሁ ስከራከር ኖሬአለሁ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ባገራችን የተሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ እኩሌታ ድረስ ይቆጥባል። ሆኖም በዚሁ በጎጃም በሜጫ የተሻሻለ ምድጃ ለብዙ ቤቶች ታድሎ በተደረገ ጥናት፣ በሕፃናት የሳንባ ሕመም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ተረቱ እንግዲህ እኔ ካሰብሁት የበለጠ ያውቅ ኖሯል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ምድጃውን ብቻ ለውጦ ቤቱን እንደ ነበረ መተው እንደማይበቃ ነው። ጢሱ የሚወጣበት መስኮት ትይዩ ለትይዩ ይከፈት፤ ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ ምድጃውም ከመሬት ይነሣ። ምድጃ በወገብ ልክ ሲሠራ ጋጋሪዋ አትጎብጥም፤ የሚድኸውም ሕፃን እሳት ውስጥ አይገባም። በእጁ ወይም በፊቱ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ስንት ሰው ታውቃለህ? እኔ ከአብሮ አደጎቼ ብቻ አራት እቆጥራለሁ።

ወለሉ ከጢሱ ይብሳል፤ ስለዚህም ጥቂት እቆይበታለሁ። በምሥራቅ ጎጃም በገበያ ቀን የወጣ ሰው እግሩ ያበጠ፣ ቆዳው እንደ ቅርፊት የሻከረ ሰው ሳያይ አይመለስም። ዝሆኔ እንለዋለን። አባቶቻችን እርግማን ነው፣ ዘር ነው እያሉ ከነዚህ ሰዎች ጋር ጋብቻ ይፈሩ ነበር። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በኢትዮጵያ ተቀምጦ ከመረመረ በኋላ፣ ይህ በደጋ የሚታየው ዝሆኔ በትንኝ የሚመጣ ሳይሆን ከቀዩ አፈር የሚመጣ መሆኑን ገለጠ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር እጅግ የደቀቀ ነውና፣ ባዶ እግር ብዙ ዘመን ሲረግጠው በቆዳው ውስጥ ይገባል፤ በእግርም ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች ያቆስላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዳንዱ ቤተ ሰብ ከሌላው ይልቅ መጋለጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን አፈሩ ካልነካው ያ ቤተ ሰብም ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ግምት በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ይናገራል።

እንግዲህ ሰው ጫማ አድርጎ ከእርሻው ቢመለስና ቤቱ ገብቶ ጫማውን ቢያወልቅ፣ የሚረግጠው ያንኑ አፈር ነው! ልጁም የሚድኸው በዚያው ላይ ነው። በቤት ውስጥ ያለው መሬት መሬት ሆኖ ሳለ ስለ ጫማ ብቻ መስበክ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በሲሚንቶ ይለሰን፤ ሲሚንቶ ለሌለው ድንጋይ ይነጠፍ፤ ያም ባይቻል ሰሌን ይዘርጋ። በምሥራቅ ጎጃም በዝሆኔ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ያሉበት እንክብካቤ ያንን ትኩሳትና ሕመም የሚያስነሣውን ግርሻት እንዳቀለለው አሳይቷል። መድኃኒቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። ነገር ግን እግሩ ያበጠ ሰው እግሩን የሚያጥበው የት ተቀምጦ ነው? ውኃው የት ይፈሳል? ይህ የሐኪም ጥያቄ አይደለም፤ የአናጢና የግንበኛ ጥያቄ ነው። በበሩ አጠገብ አንዲት የድንጋይ መደብና ከሥሯ አንዲት ቦይ ብትኖር በቂ ነበረ፤ እኛ ግን በዚያ ቦታ ዓምድ እናቆማለን።

ስለ ጋጡ አላስረዝምም። ከብቱ ቤቱን እንደሚያሞቅ አውቃለሁ፤ በጮቄ ብርድ ያላደረ ሰው አይፍረድ። ሆኖም ዝንብና ቁንጫውን አብሮ ያመጣልና ቢያንስ በግድግዳ ይለይ። ለብርዱስ ሌላ መላ አለ። በእኛ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ የሽማግሌና የአራስ ክፍል ፊቱ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ቢሆን ሳያነድዱ ይሞቃል። ቆርቆሮው ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለው ሌሊት በረዶ፣ ቀን ምጣድ ነው፤ በክረምትም ዝናቡ ሲወርድበት ጆሮው የደከመ ሰው ምንም አይሰማም። አራስንና ጨቅላን በጨለማ ክፍል አርባና ሰማንያ ቀን መዝጋትም ይቅር፤ ሕፃን የጧት ፀሐይ ካላገኘ አጥንቱ ይለሰልሳልና እግሩ ይጎብጣል።

መንግሥትስ ምን አለ? ያለው ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ባለ ጎማ ወንበር ለሚጠቀሙት ጭምር የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም.ም ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። ይህ መልካም ነው፤ ይመሰገናልም። ነገር ግን ያ የ2001ዱ ትእዛዝ የተናገረው ስለ ሕዝብ ሕንፃ ነው፤ በግል ቤት ደፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሰው ደግሞ በባንክ ውስጥ በወር አንድ ሰዓት ይቆማል፤ በቤቱ ግን ዘመኑን ይጨርሳል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ብዙዎቹ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ አሳንሰር ግን የላቸውም። አሥር ዓመት ቆጥባ ዕጣው በአራተኛው ፎቅ የወጣላት አሮጊት እልል ትበል ወይስ ታልቅስ? ይሁን እንጂ ሁሉን በመንግሥት ላይ አልጥልም። የእኔን አምስት ደረጃ መንግሥት አላዘዘም።

ከቀሩት መልሶች አንዱ ድኅነት ነው። «ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል» ይላሉ። እስቲ እንቁጠር። አምስት ደረጃ ለመሥራት ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶና የሠራተኛ ቀን ያስፈልጋል፤ አምስት ደረጃ አለመሥራት ግን በነፃ ነው። በሩን 90 ሳንቲ ሜትር አስፍቶ መተው ብሎኬት ይቆጥባል እንጂ አይጨምርም። ሴራሚክ ከሻካራ ሊሾ ይወደዳል። ሽንት ቤት ሠላሳ እርምጃ ላይ ቢቆፈርና አሥር እርምጃ ላይ ቢቆፈር የቆፋሪው ዋጋ አንድ ነው። ድኻውን የሚያስወጣው እንግዲህ ምቾቱ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። «ጎርፍስ?» ለሚለኝ ደግሞ፣ የእኛን ክረምት አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ጎርፍ የሚመለሰው በደረጃ ሳይሆን በቦይ ነው። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር፤ ከበሩ ፊት ያለው አፈር ወደ ውጭ እያዘነበለ ይደልደል፤ የቆርቆሮውም ክፈፍ ይርዘም። ወለሉ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ይበቃል። ለሃያ ሳንቲ ሜትር የሚያስፈልገው ያዘነበለ መንገድ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው፤ ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ነውና።

እናቴ ውኃ መጠጣት መተዋን ካወቅሁ በኋላ ያደረግሁትን በአጭሩ ልናገር። ግቢያችን ወደ ኋላ ከፍ ስለሚል፣ በእናቴ ክፍል በኩል ወለሉ ከመሬቱ የሚበልጠው በ30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ግድግዳውን አስፈርሼ በር አወጣሁ፤ 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ በሻካራ ሲሚንቶ አስደለደልሁ፤ በጎኑም የብረት ቧንቧ በወገቧ ልክ አስተከልሁ። የድሮውን ጉድጓድ ደፍኜ አዲሱን ከበሯ በዘጠኝ እርምጃ አስቆፈርሁ፤ በጉድጓዱም ላይ እንደ መደብ የሚያስቀምጥ መቀመጫ በሲሚንቶ ተሠራለት። ሽታውን የፈራሁት በከንቱ ነበር። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ከጉድጓዱ ረዥም ቧንቧ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉ በወንፊት ሽቦ ይታሰራል፤ ሽታው በቧንቧው ይወጣል፤ ዝንቡም ወደ ብርሃኑ ሲበር ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ባማራ አገር የስንቱን ዓይን ያጠፋውን ትራኮማ የምታዛምተው ዝንብ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ይህን ቧንቧ እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

በሩ በተከፈተ በማግስቱ፣ ጧት፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ የምርኩዟን ድምፅ ሰማሁ። ልነሣ ስል ባለቤቴ ክንዴን ይዛ «ተዋት» አለችኝ። ደርሳ ስትመለስ ፀሐይ ወጥቶ ነበርና በደጁ መደብ ላይ ተቀመጠች። በዚያም ቀን ሦስት ኩባያ ውኃ ጠጣች። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖራ በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ ማንም ተሸክሞ አላወጣትም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ለእኔ ክብር ነበር። ነገር ግን የቀረ ነገር አለ። ባለፈው ጥቅምት ከቤቴ ማዶ አንድ ወጣት ቤት ሊሠራ መሠረት አስቆፈረ፤ ግንበኛውም ያው የእኔ ግንበኛ ነው። ክሩን ዘርግቶ ሲለካ አየሁና ጠጋ ብዬ «ስንት ደረጃ ነው?» አልሁት።

«ባለቤቱ ስድስት ይሁን ብሎኛል፣ ጋሼ» አለኝ።

ወጣቱ በዚያው ነበርና እናት እንዳለችው ጠየቅሁት። አለች፤ ቤቱ ሲያልቅ ከሉማሜ ሊያመጣት ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ያሰፈርሁትን ሁሉ፣ ከዚህም የሚበልጠውን ነገርሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ሲጨርስም ቀና ብሎ ወደ ቤቴ ተመለከተና እንዲህ አለኝ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ግን ይህ የእርስዎ ቤት አምስት አይደለም እንዴ? እኔ እኮ እሱን አይቼ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ለእናቴ የኋላውን በር ከፈትሁ እንጂ የፊቱን ደረጃ አልነካሁትም ነበር። በየዓመቱ በኖራ አስቀባው ነበር። እዚያው ቆሜ ሳሰላው አምስቱ ደረጃ 85 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአሥር ሜትር የሚያልፍ መንገድ ይፈልጋል፤ የቤቴ ግንባር ደግሞ አሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ ከግድግዳው ጎን ለጎን ይበቃል። ግንበኛውንም ዋጋውን ሳልጠይቅ «ሰኞ ከእኔ ዘንድ ጀምር» አልሁት።

ሰኞ ጧት መዶሻውንና ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ። ወጣቱ ጎረቤቴም ክሩን እንደ ተዘረጋ ትቶ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያይ ጀመር።